ወንበዴው ለልጅ ይሆናል?

በሸዋ ሮቢት ባሕር የሚነሣው የከተማዋ ከፍታ ሲነገር ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩና ከተማዋ የሚገናኙበት ጉዳይ የለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣርማበርን ያቋረጠ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቀወት ቆላ የወረደ መንገደኛ የሚጠብቀው ሙቀት፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ማሾና ማንጎ ነው። የባሕር ወንበዴ ግን ሞልቷል። አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነ፣ እጁ በመንጠቆ የተተካ፣ ትከሻው ላይ በቀቀን ያስቀመጠ ባለ ጢም ሰውዬ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል፤ ምሳ ሲቀርብም አይነሣም። ድሮ ቢሆን እንግድነቱ ይህን ያህል ባልጎላ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የወላስማ ገዢዎች ሸዋ ሮቢት ያለችበትን ይፋትን መቀመጫቸው አድርገው እስከ ዘይላ ወደብ የሚዘልቀውን የንግድ መንገድ ይዘው ነበርና፣ የያኔው የይፋት ልጅ ስለ መርከብ የሚሰማው ከሲራራ ነጋዴ አባቱ ነበር። የዛሬው የሚሰማው ከፍላሽ ነው።

ፍላሹ የሚሞላው ሞባይል ቤት ነው። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ፍላሹን ያቀብልና «ለልጆች የሚሆን ካርቱን ጫንበት» ይላል፤ ባለሱቁም «ካርቱን» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገለብጥለታል። ለፍጥነቱ ምስጋና ይገባዋል። ችግሩ፣ ፊልሙ ከተሠራበት አገር ሲነሣ ለጥፎት የነበረው የዕድሜ ምልክት መንገድ ላይ መውደቁ ነው። አሜሪካም እንግሊዝም ፊልም ተመልክቶ «ይህ ለሁሉ፣ ይህ ወላጅ ባለበት፣ ይህ ለአዋቂ» ብሎ የሚለይ አካል አላቸው። የእነሱ ፍርድ ሲኒማ ቤት በር ላይና በዲቪዲው ሽፋን ላይ ይታተማል፤ ፍላሽ ደግሞ በርም ሽፋንም የለውም። ስለዚህ ባለሱቁ የሚለየው በመልክ ነው፦ ሰው ከሆነ ፊልም፣ ሥዕል ከሆነ ካርቱን። በዚህ ሚዛን «ሶሴጅ ፓርቲ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ፊልም ካርቱን ነው። ተዋናዮቹ የሱፐርማርኬት ቋሊማና ዳቦ ናቸው፤ ፈገግ ብለው ሲታዩ ከሕፃን መጽሐፍ የወጡ ይመስላሉ። አሜሪካኖች ግን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን እንዳያየው ከልክለዋል፤ ያየው አዋቂም ስለ ምክንያቱ ብዙ አይጠይቅም። በሥዕል መሠራቱ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ እንጂ ለማን እንደተሠራ አይናገርም። ያ ምልክት ከወደቀ ዘንድ የፊልም ገምጋሚነቱ ሥራ ያለ ደመወዝና ያለ አበል ለወላጅ ደርሷል ማለት ነው።

ወላጅም በበኩሉ ሚዛን አለው፤ እጅግ የታወቀ ሚዛን ነው። መሳም አለበት ወይስ የለበትም? ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ትንፋሻቸው ከተቀራረበ ሪሞት የያዘ እጅ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ እናት «ቶሎ አሳልፈው!» ትላለች፣ አባት ያስላል፣ አያት ወደ መስኮት ይዞራሉ። ይኸው ቤተሰብ ከሁለት ደቂቃ በኋላ አሥር ሰው በጎራዴ ሲወድቅ ቡናውን ረጋ ብሎ ይጠጣል። ትንሽ ጠንቀቅ ያለው ወላጅ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል፦ ደም አለው? የባሕር ወንበዴ ካርቱን በአብዛኛው ሁለቱንም ፈተና በማዕረግ ያልፋል። የሚሳሳም የለም፣ ደም አይፈስም፣ ከመርከብ የተወረወረው ሰውዬ ጠልቆ ይወጣና ከአፉ ዓሣ ይተፋል። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ከሄድን ያልተፈቀደ ወንበዴ አይኖርም። እኔ የምለው ከእነዚህ የሚቀድሙ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ ነው፤ ፊልሙ ልጄን በማን ላይ ሊያስቀው ፈልጓል? ለዘረፋውስ መጨረሻ ላይ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ጎራዴውን ልጅ ይረሳዋል። በማን ላይ እንደሳቀ ግን አይረሳም፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳልና።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከወንበዴ ካርቱን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። አርድማን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ፓይሬትስ!» የሚል ፊልም አወጣ። አሻንጉሊቶቹ በእጅ ትንሽ ትንሽ እየተነቀነቁ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው ፎቶ እየተነሣ የተሠራ ነውና ድካሙ ያስደንቃል። ዋናው ሰው ጢሙ ከጀግንነቱ የሚበልጥ የወንበዴ ካፒቴን ነው፤ «የዓመቱ ወንበዴ» የሚባለውን ሽልማት ለማግኘት ሲል ባገኘው መርከብ ላይ እየዘለለ ወርቅ ይጠይቃል፣ ወርቅ የሌለው መርከብ ላይ እየገባም ያፍራል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ በወጣው ማስታወቂያ ካፒቴኑ አንዱ መርከብ ላይ ዘልሎ ይገባል። ከመርከቡ ያለው ሰው ወርቅ እንደሌላቸው፣ መርከቡም የስጋ ደዌ ሕሙማን መርከብ መሆኑን ይነግረዋል፤ ለማስረጃም ያህል ክንዱ ከትከሻው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ሳቅ። ደም የለም፣ መሳም የለም፣ በእኛ ሚዛን ንጹሕ ነው። ለስጋ ደዌ ሕሙማን የሚሟገቱ ድርጅቶች ግን ተነሡ። በሽታው የሰው ክንድ አይነቅልም፣ ከታከመ ይድናል፣ መድኃኒቱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለሕሙማን በነጻ ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ታማሚን ከመድኃኒቱ የሚያርቀው አንድ ነገር ቢኖር የሰው ሳቅና መሸሽ ነው አሉ። ኩባንያው አሰበበትና ፊልሙ ሲወጣ የስጋ ደዌው መርከብ የወረርሽኝ መርከብ ሆነ። ሰማይ አልወደቀም፤ ፊልሙም እንደ አስቂኝነቱ ቀጠለ።

ይህ ነገር የለንደን ወሬ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው አገራችን ናት። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለመላው አፍሪካ የስጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል እንዲሆን ነው። የእኛ ልጅ ያንን ሳቅ ከስክሪኑ ላይ አንሥቶ የሚያሳርፍበት ሰው ያገኛል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከመስጊድ በር፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ። በለንደን ሳቁ በአየር ላይ ይቀራል፤ እዚህ ግን አድራሻ አለው። እንግሊዞች ይህን ፊልም ለማንኛውም ዕድሜ የፈቀዱት በእነሱ ልጅና በእነሱ መንገድ ለክተው ነው። ከውጭ የመጣ የዕድሜ ምልክት በፍላሽ ውስጥ በሕይወት ቢደርስልን እንኳ ግማሹ መንገድ ላይ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሄድ ይኸው ፊልም ተከሳሽነቱን ትቶ ምስክር ይሆንልናል። ካፒቴኑ ትከሻው ላይ የሚያስቀምጣት በቀቀን በቀቀን አይደለችም፤ ከምድር ጠፋች የተባለችው ወፍ፣ ዶዶ ናት። ቻርለስ ዳርዊን አይቶ ያውቃታል፣ ወሬው ንግሥት ቪክቶሪያ ጆሮ ይደርሳል፣ ንግሥቲቱም በወርቅ ትገዛታለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ካፒቴኑ ወዳጁን ሸጧል። በወርቁ ሽልማቱን ሊያገኝ ይቀርባል፣ ነገሩ ሲታወቅ ግን ሽልማቱንም ክብሩንም ያጣል፣ መርከበኞቹም ትተውት ይሄዳሉ። ቀሪው ፊልም ሁሉ ያቺን ወፍ ለማስመለስ የሚደረግ ሩጫ ነው። ንግሥቲቱ የፈለገቻት ብርቅዬ እንስሳትን ለሚበሉ ባለሥልጣናት ግብዣ ነበርና። የእንግሊዝ ወላጅ እዚህ ጋ «የገዛ ንግሥታችንን እንዲህ?» ብሎ ቅር ይለው ይሆናል። ከሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን የቀጠለና መቅደላ የደረሰ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያያል። በ1860 ዓ.ም. የዚህችው ንግሥት ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎት ነበር፤ ከዕቃው ጋር ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ ዛሬም ዊንዘር ተቀብሯል። አንድ ወንበዴ በአንዲት ጀልባ የሚጭነው ይህን ያህል አይሆንም። ልጁ «ታዲያ ሌባው የትኛው ነው?» ብሎ ከጠየቀ ፊልሙ ሒሳቡን አወራርዷል ማለት ነው።

አሁን ተቃውሞው ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። «ሌባ ሌባ ነው፤ ልጄ ሌባ ሲወደስ ለምን ያያል?» የሚል ወላጅ አለ፤ ከባዱን ነገር የሚያነሣው እሱ ነው። በእርግጥ የባሕር ወንበዴ ሥዕል ብቻ አይደለም። ዘይላ ከነወደቧ የምትገኝበት የኤደን ባሕረ ሰላጤ ትናንት የወንበዴ መናኸሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ በሶማሊያ ወንበዴዎች የተፈጸሙ ተብለው የተመዘገቡት ጥቃቶች 237 ናቸው። መርከበኞች ለወራት ታግተዋል፣ የመርከብ ኢንሹራንስ ተወዷል። ወደብ የሌላት አገር ደግሞ ዘይትና ማዳበሪያዋ የሚመጡት በዚያው ውኃ ነው። ባለ መንጠቆው ሰውዬ ዘመዶች ሽንኩርት አምራቹንም ሳይነኩት አልቀሩም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ወንበዴን ከልጅ ፊት እናንሣ ካልን ለማን እንተዋለን? ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመባላቸው በፊት በቋራ በረሃ ሸፍተው ነበር፤ የትኛው ወላጅ ነው ይህን ታሪክ ለልጁ የማይነግረው? ልጆቻችን ያለ ካርቱንም ሌባና ፖሊስ ይጫወታሉ፣ ሌባ መሆን የሚፈልገውም ሁልጊዜ ይበዛል። ወንበዴው ወንበዴ መሆኑ ጥያቄውን አይዘጋውም፤ ሥራው የሚያስከትለው ነገር መታየቱ ነው ቁም ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ትሬዠር ፕላኔት» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባቱ ትቶት የሄደ ጂም የሚባል ጎረምሳ አለ፤ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ሲልቨር እንደ አባት ሆኖ ሥራ ያስተምረዋል፣ አይዞህ ይለዋል። ሲልቨር ግን ወንበዴ ነው፣ ዐመፁንም የሚመራው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ከሀብቱና ከልጁ አንዱን ብቻ ማዳን ሲችል ልጁን ያድናል፤ የዘመናት ምኞቱ ዓይኑ እያየ ይጠፋል። ይህን ያየ ልጅ ሌብነት ያተርፋል ብሎ አይነሣም። የሚወዱት ሰው ሊያታልል እንደሚችል ግን ያውቃል፤ ይህን ትምህርት ከካርቱን ቢያገኘው ከሕይወት ከሚያገኘው ይረክሳል።

«ፈረንጅ ተረት ለምን አስፈለገ? የራሳችን አለ አይደል» የሚለውም ወገን አለ። የራሳችን አለን፣ ይነገር፤ በንጽሕና ግን አንፎክር። በእኛ ተረት አያ ጅቦ አህያን ከነነፍሷ ይበላል፣ ጦጣ አታላ ታመልጣለች፣ አካል ጉዳተኛና ቆማጣ የሚሳቅባቸው ምሳሌያዊ አነጋገሮችም ጥቂት አይደሉም። ከላይ ያነሣናቸው ሁለት ጥያቄዎች ለአያትም ተረት ይሠራሉ።

ሌላው መከራከሪያ ቋንቋ ነው። «እንግሊዝኛውን አይሰማውም፣ ምን ይጎዳዋል?» ይባላል። በዐረብኛ ጣቢያ ሲያይም እንዲሁ ይባላል፤ በይፋት በኩል ቁርኣን ቤት የሚሄደው ልጅ ከወላጁ በላይ እንደሚሰማ ይረሳል። ደግሞ ቋንቋው ባልገባው ቁጥር ልጅ የሚያነበው ፊትን፣ ሙዚቃንና አወዳደቅን ነው። የስጋ ደዌው ሰውዬ ክንድ ሲወድቅ ትርጉም አይፈልግም። ቃሉን ቀርቶ ሥዕሉን ቀይሮም ነገሩን ማዳን እንደማይቻል የጃፓኖቹ «ዋን ፒስ» አሜሪካ ሲገባ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለአሜሪካ ልጆች ሲዘጋጅ፣ ሳንጂ የተባለው ወንበዴ ወጥ ሠሪ ከአፉ የማይለየው ሲጋራ ተሰርዞ ከረሜላ ተተካለት። ቡጢው፣ ጎራዴውና ዛቻው ግን አልጠፉም። ሰውዬው ያንኑ ከረሜላ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዓይኑን አጥብቦ ይመጠዋል። የትንባሆ እርሻ ስሟን ባስጠራላት ሸዋ ሮቢት ላደገ ልጅ ያ ከረሜላ ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ለነገሩ «ዋን ፒስ» ከሺህ ክፍል በላይ ስላለው ዛሬ አንደኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ለማትሪክ ሲቀርብም አይጨርሰውም።

ቀልዱን ለጊዜው ልተወው። ይህን ሁሉ ስመዝን ለቀወት ልጅ ብቻ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ነበር። ያኔ አራትና አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ካርቱን የሚወድበት ዕድሜ ላይ ነው። የውጭ ገምጋሚዎች «ቀላል ግጭት አለበት» ብለው የሚያልፉት የመድፍ ድምፅ መድፍ ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ የተለካ ነው። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምቶ ከቤቱ የወጣ ልጅ ዘንድ ያው ድምፅ ካርቱን ላይሆን ይችላል። የወንበዴ ፊልም ደግሞ ያለ መድፍ አይሠራም፤ መርከብ ከመርከብ ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው። ስለዚህ ደም ባይፈስም፣ ሁሉም ቢስቅም፣ ልጁ መድፉ ሲተኮስ ወደ እናቱ ከተጠጋ፣ ትራስ ካቀፈ፣ ወይም ያለ ምክንያት ውኃ ልጠጣ ብሎ ከወጣ ፊልሙ ለእሱ አይሆንም። ለጎረቤት ልጅ ይሆን ይሆናል፣ ለእሱ አይሆንም። «ካርቱን እኮ ነው፣ ወንድ ልጅ አይፈራም» ማለት መልስ አይደለም። ይህን የትኛውም የፊልም ቦርድ ሊለካልን አይችልም፤ ከልጁ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

«ማን ጊዜ አለው?» ይላል የመጨረሻው ተቃዋሚ፣ እውነቱን ነው። ሽንኩርት የሚነቀልበት ሰሞን አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ወንበዴ መመርመር ቅንጦት ነው። ግን ሽንኩርት ገዢ ጆንያውን እንዴት ነው የሚመረምረው? አፉ ላይ ያለው ሁሌም ቀይ፣ ሁሌም ደረቅ፣ ሁሌም እኩል ነው፤ ስለዚህ እጁን ወደ ታች ይሰዳል። ፊልምም እንዲሁ ነው። የወንበዴ ካርቱን መጀመሪያው ሁሉ አንድ ነው፤ ባንዲራ፣ ዘፈን፣ ካርታ። ወላጅ ግን የሚያየው ያንን አምስት ደቂቃ ነው፤ «ደህና ነው» ብሎ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ሪሞቱ የመሳም ትዕይንት ለማሳለፍ እንዲህ ከሠለጠነ፣ ለሌላም ሥራ ይዋል፦ ወደ መጨረሻው ሩብ ይሳብና ሃያ ደቂቃ ይታይ። «ዘ ፓይሬትስ!» 88 ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ያየ ሰው ማን ወዳጁን እንደሸጠ፣ ማን እንደከፈለ ያውቃል። በዚያ ላይ ልጁ አጠገቡ ከተቀመጠና የት ላይ እንደሳቀ ከታየ፣ ግምገማው ተጠናቋል። ልጁ «መጨረሻውን ቀድመህ አየህብኝ!» ብሎ ይጮኽ ይሆናል፤ ሲጮኽ ኖሯል።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ «ዘ ፓይሬትስ!» ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ይሁን፣ ስለ መቅደላ የሚያወራለት አዋቂም አጠገቡ ይኑር። «ትሬዠር ፕላኔት» ለስምንትና ከዚያ በላይ፤ ሸረሪት የሚመስለው ወንበዴ የመርከበኛውን ገመድ የሚቆርጥበት ቦታ ለታናናሾች ከባድ ነው፣ አባቱን ላጣ ልጅ ደግሞ ሙሉውን አብሮት የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው «ፒተር ፓን» በካፒቴን ሁክና በአዞው ምክንያት ይታይ፤ የቀይ ሕንዶቹ ትዕይንት ግን አንድን ሕዝብ መሳቂያ አድርጓል፣ ዲዝኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከትንንሽ ልጆች ገጽ አንሥቶታል። «ዋን ፒስ» አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ይቆይ፣ አይሸሽም። የቀረው በሞባይል ቤት ላላችሁ ወንድሞች ነው፦ «ካርቱን» የሚለውን ፎልደር ለሁለት ክፈሉልን። አንዱን «የልጆች» በሉት፤ ቋሊማውንና ዳቦውን የምታስገቡበትን የሌላውን ስም እናንተ አውጡለት።